የሌለችው አክስታችን

በሰባት ዓመቴ ሥራ ነበረኝ። ሥራዬም በር ላይ ነበር።

አባባ ልብስ ሰፊ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል መሥሪያውም፣ እንግዳ መቀበያውም እሱ ነበር። በመስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና፣ መሐል ላይ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በየግድግዳው ያላለቁ ልብሶች፤ አንዱ እጅጌ የለው፣ አንዱ ኮሌታ የለው፣ አንዱ ገበሩ ወጥቶ የተንጠለጠለ። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ቡናማ ጨርቅ ተነጥፎ በአራቱም ጎን ወለሉን እስኪነካ ይወርድ ነበር። እንግዳ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። ከሥሩ አንድ ጎልማሳ ጉልበቱን አቅፎ ሊቀመጥበት የሚበቃ ቦታ እንዳለ የምናውቀው የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበርን።

በሩ ይንኳኳል። መኪናው ቀጥ ይላል። አባባ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ፣ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ገለጥ ያደርግና ጥልቅ ይላል። ጨርቁ ትንሽ ይወዛወዝና ያርፋል። ያኔ እኔ ቀሚሴን አራግፌ በሩን እከፍታለሁ።

"አባባ የለም። ክር ሊገዛ ሄዷል።"

"ትናንትም ክር ሊገዛ ሄዶ ነበር'ኮ!"

"የትናንቱ ጥቁር ነው። የዛሬው ነጭ ነው።"

ደንበኛው አጉረምርሞ ሲሄድ አባባ ከጠረጴዛው ሥር ክር በክር ሆኖ ይወጣና ጭንቅላቴን ይዳብሳል። "ሚጣ፣ አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!" ከዚያ የቁልፉን ቆርቆሮ ያወርዳል። ከአሮጌ ካፖርትና ከተረሳ ልብስ የተረፉ ቁልፎች ሞልተውበታል፤ የእንጨት፣ የቀንድ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጩ። የበር ሥራ በደንብ ከተሠራ አንድ ቁልፍ ያስገኛል። የመረጥኩትን በጠርሙሴ ውስጥ ቀጭል አድርጌ እጥላለሁ።

ስለዚህ በእኔ ቤት ነገሩ ግልጽ ነበር። ስፌቱ የእሱ፣ በሩ የእኔ። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች በር ላይ የሚያቆሙት ልጅ ከሌላቸው እንዴት እንደሚሠሩ ይገርመኝ ነበር።

ዛሬ ያኔ እሱ የነበረበትን ዕድሜ አልፌዋለሁና ልናገርለት እችላለሁ፤ አባባ ሰነፍ አልነበረም። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ "አይሆንም" የሚል ቃል ከአፉ የማይወጣ መሆኑ ነበር። ሰው ጨርቁን ታቅፎ መጥቶ "እስከ ሐሙስ ይደርሳል?" ሲለው፣ ያ ፊት ሲከፋ ማየት ስለማይችል "ይደርሳል!" ይላል። ለአንድ ሐሙስ ስድስት ሰው ቀጥሮ፣ ሐሙስ ሲመጣ "ነገ" ይላል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ጋሽ ነገ ይለው ነበር፤ እኔ ደግሞ የክብር ስም ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ደወል የመጡት በዚህ መሐል ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ናቸው። ድምፃቸው ወፍራምና ጥርት ያለ ስለሆነ ሰው ሁሉ፣ በፊታቸውም ሳይቀር፣ እትዬ ደወል ይላቸዋል። አዲሱ አዳራሽ በሚመረቅበት እሁድ መዘምራኑ የሚለብሱትን አሥራ ሁለት ሰማያዊ ልብስ ለአባባ ሰጥተውት ነበር። አባባ "ምን ችግር አለ!" ብሎ ተቀበለ። የጨርቁ ጣቃ ሳይፈታ ሁለት ሳምንት ከማዕዘኑ ቆመ።

በሦስተኛው ምልልሳቸው በሩን ስከፍት ጣታቸውን አነሡብኝ።

"ክር ነው እንዳትዪኝ።"

ክር ልል ነበር። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ ከዚያ ሌላ ነገር በራሱ ጊዜ ወጣ።

"አክስቱ ታማ ሊጠይቃት ሄዷል።"

"ውይ በሞትኩት! የትኛዋ አክስቱ?"

"አንድ ጥርስ ያላት።"

"ምኗን ነው ያመማት?"

"ጉልበቷን። ድመቷ ዘላባት።"

"ድመት!"

"ወፍራም ድመት ናት።"

ከጠረጴዛው ሥር እንደ ስርቅታ ያለ ድምፅ ወጣ።

"ምንድነው እሱ?"

"መኪናው ነው። ሲያርፍ እንደዚያ ይላል።"

እትዬ ደወል ትልቅ መዳፋቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሁሉ ሟሟ። "ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለጉልበቷ እጸልያለሁ። ስለ ልብሱ አይጨነቅ በዪው። ሰው ይቀድማል።"

አባባ ሲወጣ ፊቱ እየሳቀ ነው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

"አክስት ከየት አመጣሽ?"

"ከጭንቅላቴ።"

"እኔ'ኮ አክስት የለኝም።"

"አሁን አለህ።"

ጠረጴዛውን ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ቆርቆሮውን አወረደ። እጁ ክዳኑ ላይ ትንሽ ቆመ። ክዳኑ የጠበቀበት መስሎኝ ነበር። እጁን ያቆመው ክዳኑ እንዳልነበረ የነገረኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ግን መልህቅ የተቀረጸባትን ቀይዋን ቁልፍ መርጬ ሄድኩ።

በማግስቱ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እማዬ ካውያውን እየገፋች ነበር፤ በየቃሉ መሐል እንፋሎቱ እሽ ይላል።

"እያስለመድካት ነው።"

"ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች።"

"ጎበዝ እያልካት እንዴት አድርጋ ነው የምትረሳው? አንተ በአፍህ ብትዋሽ አንድ ነገር ነው። በልጅ አፍ! ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰውና ስለ ወፍጮ ድንጋዩ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ።"

"አንገት ላይ ነው የሚታሰረው።"

"ሰምቻለሁ አልኩሽ'ኮ።"

አንድ ሰው አባባ አንገት ላይ የወፍጮ ድንጋይ ሊያስር እያሰበ ነው! ያን ሳምንት ዓይኔን ከአንገቱ አልነቀልኩም፤ ከሜትሩ በቀር ምንም የለም። የድንጋዩ ባለቤት ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ መግባት ካለበት በእኔ በር ነው። እንግዲያው በሩን ከበፊቱ የበለጠ መጠበቅ አለብኝ ማለት ነው።

ጠበቅኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አክስታችን በእጄ ላይ አደገች። ጉልበቷ ሲሻላት ሳል ያዛት። ሳሉ ሲለቃት ድመቷ ስድስት ወለደች፣ አንዱ ዓይኑ አልገለጥ አለ። እትዬ ደወል በመጡ ቁጥር ሌላ ወሬ ነበረኝ፤ እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ ከልባቸው ይሰሙኛል። እንደሳቸው ያለ አድማጭ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። ለሳሉ ብለው አንድ ጠርሙስ ማር አመጡ። አባባ ማሩን አልነካም። ጣፋጭ የማይወድ መሰለኝ፤ እኔና ጉንጮ ጨረስነው።

ጉንጮ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አራት ዓመቱ ነበር፣ ከፊቱ ጉንጩ ይበልጣል። ረዳት አስፈልጎኝ ስለነበር እሱን ማሰልጠን ጀመርኩ። "ዓይናቸውን እያቸው። አትሳቅ። ብዙ አታውራ።" ክር የሚለው ላይ ሲደርስ ይስቃል። "በደንብ ስትሠራ አባባ ቁልፍ ይሰጥሃል" አልኩት። ያን ጊዜ መሳቁን ተወ።

ልብሱ ሊለበስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ከእማዬ ጋር በጓሮ ልብስ አሰጣለሁ። በሩ ሲንኳኳ አልሰማሁም። የሰማሁት የእትዬ ደወልን ጩኸት ነው፤ እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። እየሮጥኩ ስደርስ እሳቸው ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘው መንገዱን እየቆረጡ ነው። በሩ ብርግድ ብሏል። ጉንጮ መሐል ላይ ቆሟል።

"ምን አልካቸው?"

"አክስትየዋ እንዴት ሆነች አሉኝ።"

"እሺ?"

"ሞተች አልኳቸው።"

አባባ ከጠረጴዛው ሥር በእንብርክኩ ወጣ። ጉንጮ ወደ እሱ ዞረና ትንሿን መዳፉን ዘረጋ።

"ቁልፍ" አለው።

"ገደላት!" ብዬ ጮህኩ። "ስንት የደከምኩባትን አክስቴን ገደላት!"

አባባ አልሳቀም። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ የተዘረጋችውን መዳፍ ያያል። መዳፏ ላይ የማር ጭቅቅት ነበረባት።

"ማን አስተማረህ?" አለው ቀስ ብሎ።

ጉንጮ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ወደ አባባ ጠቆምኩ። አባባ የሚጠቁምበት ሰው አልነበረውም።

እማዬ የሚሰጣውን እርጥብ ልብስ እንደታቀፈች የጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር። አባባ ቁልፍ አላወረደም፤ ጉንጮም መዳፉን አልሰበሰበም።

ወደ ቀትር ገደማ እንደገና ሲንኳኳ የአባባ እግር መንገዱን ለምዶት ኖሮ፣ ምን እንደሚያደርግ ሳያስብ ተመልሶ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። በዚህ ዕድሜ ልኩን ሲስቅ ኖሯል።

በሩን ስከፍት አሥራ ሁለቱ መዘምራን ናቸው፣ እትዬ ደወል ከፊት። ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። አንዷ ብርድ ልብስ፣ አንዷ ዳቦ ይዘዋል። በወፍራሙ ድምፅ የሚዘምረው የአውቶቡስ ሾፌር መለዮውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ተራ በተራ ገብተው ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ፤ እትዬ ደወል በጣታቸው ምልክት ሰጡ፤ ቀስ ያለ የመጽናኛ መዝሙር ጀመሩ። አራት ዓይነት ድምፅ በዚያች ክፍል ሲሞላ መስኮቱ ነዘረ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአክስቴ አለቀስኩ። የምሬን ነው።

መዝሙሩ ሲያልቅ እትዬ ደወል ጎንበስ አሉልኝ።

"አባትሽ የት ነው የኔ ልጅ? ለቀብር ሄደ?"

መልሱ ዝግጁ ነበር። ያማረ መልስ ነበር፤ ስድስቱን የድመት ግልገሎች ሊያመጣ ሄዷል፣ እናንተ አንድ አንድ ትወስዳላችሁ ወይ ልላቸው ነበር። ትንፋሼን ሳብኩ።

ጨርቁ ተገለጠ።

"አለሁ" አለ አባባ ከሾፌሩ ጫማ አጠገብ። "እዚህ ነኝ።"

ወጣ። ፀጉሩ ላይ የክር ቁርጥራጭ፣ ጉልበቱ ላይ አቧራ። ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ያኔ ያበሳጨኝን ልንገራችሁ፤ ያን የመሰለ መልስ ከአፌ ነጠቀኝ ብዬ ነው። ለዚህ ብሎ እንደወጣ፣ ያችን አንዲት ውሸት እንዳልናገራት ፈጥኖ እንደወጣ፣ የገባኝ የራሴን ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ነው።

"እትዬ፣ አክስት የለኝም" አለ። "ኖራኝም አታውቅ። ልብሱ ስላልደረሰ ነው የምደበቀው። ውሸቱ የእኔ ነው።"

"አይደለም!" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንባዬ ገና አልደረቀም፤ ንዴቱ ግን በልጦብኛል። ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን በሰው ፊት የራሴ ነው ይላል!

"የእሱ አይደለም! አክስቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ! ጥርሷንም፣ ድመቷንም! እሱ የፈጠረው ክሩን ብቻ ነው!"

መጀመሪያ ሾፌሩ ሳቁን በአፍንጫው አፈነዳው። ከዚያ ዳቦ የያዘችው ዳቦውን አፏ ላይ ደቀነች። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባባና እትዬ ደወል ብቻ አልሳቁም።

"ልጅቷ ልክ ናት" አለ አባባ፣ ሳቁ ሲበርድ። "የፈጠረችው እሷ ናት። እሷ ላይ ያለው ውሸት ግን እኔ የቆረጥኩት ነው። ትንሹም ላይ። እኔ ለክቼ፣ እኔ ቆርጬ አለበስኳቸው። በእነሱ እንዳትፈርዱ።"

እትዬ ደወል ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ" አሉ፣ "በየጠዋቱ፣ በስም እየጠራሁ፣ ለጉልበቷ ጸልያለሁ።"

አባባ አንገቱን ደፋ።

"ከዚያ ሥር ስትቀመጥ ጉልበትህን አያምህም?"

"ያመኛል።"

"በጣም?"

"በጣም ያመኛል እትዬ።"

"እንግዲያው ጸሎቴ ባለቤቱን አላጣም" አሉና ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ የሰው ሳቅ አይደለም፤ እንደ ስማቸው ነው። ጉንጮ ጆሮውን ይዞ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ገባ።

"ልብሱስ ጋሼ?" አለ ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ።

"አልደረሰም" አለ አባባ።

ያን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ሰው የተናገረው መሰለኝ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አላበደም። ሾፌሩ "ምን ይቀረዋል?" ብቻ አለ።

"ተሰፍቷል። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ሰፋሁት። አሥራ ሁለት ጫፍ ማጠፍ፣ አሥራ ሁለት ኮሌታ መግጠም፣ መተኮስ።"

"ለለቅሶ ብለን ከሥራ ቀርተናል" አለ ሾፌሩ። "ለቅሶው ደግሞ ከሸፈ። መርፌ አለህ?"

አባባ ትልቁን መቀስ አነሣ። ጠረጴዛውን እየዞረ፣ በአራቱም ጎን የተንጠለጠለውን ቡናማ ጨርቅ ከጫፉ ላይ ሸረከተው። የጠረጴዛው አራት እግር ራቁቱን ቀረ። ተቀምጠው ሲሰፉ ጉልበታቸውን የሚያስገቡበት እንዲያገኙ መስሎኝ "ጎበዝ አባባ" አልኩት። እማዬ ግን መጋረጃው አጠገብ ቆማ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሽንኩርት እየከተፈች አልነበረም።

እንዲህ አድርገው ለለቅሶ የመጡ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲሰፉ ዋሉ። መርፌ ይዞ የማያውቅ ነበረ። ሾፌሩ ጣቱን በወጋ ቁጥር በወፍራም ድምፁ "ሃሌ ሉያ!" ይላል። "ጫፍ ነው የምታጥፈው ወይስ ከመሪ ጋር ነው የምትታገለው?" ትለዋለች አንዷ። "እኔ መንገድ ነው የምጠመዝዘው፤ ይሄ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው።" እማዬ ትተኩሳለች፣ አባባ ይረግጣል፣ እትዬ ደወል ከመኪናው ምት ጋር መዝሙር ያነሣሉ። ለአክስቴ ያመጡትን ዳቦ በላነው።

ወደ ማምሻው ላይ አንዷ ልብሱን አንሥታ "ቁልፉስ?" አለች።

ሁሉም እጃቸው ላይ ያለውን ልብስ አገላበጡ። በዚያ ሁሉ መደበቅ መሐል ቁልፍ ያሰበ አልነበረም። አባባ ቆርቆሮውን ገለበጠው፤ የቀረው የተሰነጠቀና ግማሽ ብቻ ነው። ጥሩ ጥሩውን እኔ ለቅሜዋለሁ።

መጣና ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። ጉልበቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

"ሚጣ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አክስቴን በሰው ፊት ስለቀማኝ መሰለኝ። "እሺ" አልኩት፣ "ግን የእኔ እንደሆነች ለሁሉም ትነግራለህ።"

"እነግራለሁ። ከእንግዲህ ግን የለም አትዪ። አንቺም፣ ጉንጮም። ለእኔ ብለሽ ሐሰት እንዳትናገሪ።"

"በሩስ? ሥራዬስ?"

ትንሽ አሰበ። "በሩ የአንቺው ነው። እንዲህ ትያለሽ። 'አልደረሰም፤ ውስጥ አለ፤ ግቡና ውቀሱት'።"

ሞክሬ አየሁት። ለአፍ ይመቻል። ከክሩ ይሻላል።

"ለዚህም ቁልፍ ይሰጣል?"

"አይሰጥም። እንዲያውም አሥራ ሁለት ታበድሪኛለሽ?"

ጠርሙሴ ውስጥ አሥራ አራት ነበሩ። ያለኝ ሀብት እሱ ነው። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

እሁድ አዲሱ አዳራሽ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። እኔ፣ ጉንጮና እማዬ ከፊት ወንበር ተቀምጠናል። አባባ ከጎናችን ነው፤ መደበቂያ ፈልጎ ዓይኑ ሲንከራተት አይቻለሁ፣ ግን ተቀመጠ። መዘምራኑ ገቡ። አሥራ ሁለት ሰማያዊ ልብስ፤ የአንዱ ጫፍ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ የሌላው ጫማ ላይ፣ የሾፌሩ በግራ አጥሮ በቀኝ ረዝሞ። በየኮሌታው ላይ ደግሞ አንድ አንድ ቁልፍ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል።

እኔ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ። ያ የእንጨቱ የጥቁሩ ክር ዕለት ነው። ያ የቀንዱ የነጩ ክር ዕለት። ያ የሚያብለጨልጨው የሳሉ ቀን ነው፣ ያ ባለ አራት ቀዳዳው ድመቷ የወለደች ዕለት። እትዬ ደወል ከመሐል ቆመዋል፤ ጉሮሯቸው ላይ ባለ መልህቋ ቀይዋ። ያኔ በኩራት ልቤ ሊፈነዳ ነበር። ሥራዬ ሁሉ በአሥራ ሁለት ሰው አንገት ላይ ተደርድሮ መዝሙር እየተዘመረበት ነው። ወደ አባባ ዞሬ አንገቱን አየሁ። ሜትሩን እንኳ አላደረገም። ባዶ ነበር።

"አባባ፣ ድንጋዩ ቀረ አይደል?" አልኩት በጆሮው።

አየኝ። ከዚያ እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሳቀ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ፣ ጉንጮም ሳቀ። ስቆ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ጠረጴዛው ዛሬ የእኔ ነው። እግሮቹ እንደተራቆቱ ናቸው፤ ጨርቅ አላነጠፍኩበትም። ትናንት የአንዲት ሙሽራ እናት አንኳኩተው፣ እኔ መርፌ ከንፈሬ ላይ እንደያዝኩ ቀና ሳልል፣ ልጄ በሩን ስትከፍት ሰማኋት።

"አልደረሰም" አለቻቸው በደስታ። "ውስጥ ናት። ይግቡና ይውቀሷት።"